ከሜትፎርሚን ጋር የሚጨመረው ሁለተኛው መድኃኒት የቱ ይሻላል? የእማዬ ስኳር ሌሊት 43 ወርዶ አገኘሁት

የእማዬ ልጅ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ ዓይነት 2 ስኳር እንዳለባት ከታወቀ 11 ዓመት ሆኗል። ሜትፎርሚን ጠዋት 1000 ማታ 1000 ትወስዳለች፣ ግፊትም ስላለባት የግፊት ኪኒን አላት። አምና የሦስት ወሩን ምርመራ፣ ኤ ዋን ሲ የሚሉትን፣ ስትሰራ 8.4 መጣና ግሊቤንክላማይድ ተጨመረላት። እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ ቶሎ ነው የወረደው፣ በስድስት ወር ውስጥ 7.1 ገባ፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ክፍሏ መብራት በርቷል። ገባሁ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሹራቧን ቁልፍ ትቆልፋለች ትፈታለች፣ መልሳ ትቆልፋለች፣ አንዱም ቀዳዳው ውስጥ አልገባም። የሌሊት ልብሷ በላብ ርሶ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። እማ ምን ሆንሽ ስላት በሞተችው እህቷ ስም ጠራችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ለካኋት፣ 43። ስኳር በውሃ በጥብጬ ቀስ እያልኩ አጠጣኋት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ 78 ሆነ፣ ወደ ራሷ ተመለሰች ግን ምን እንደተፈጠረ ምንም አታስታውስም። ያን ማታ ምግብ አልበላ ብሏት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀምሳ ነው የተወችው፣ ኪኒኑን ግን እንደወትሮው ውጣለች።

አሁን እሷ ከነጭራሹ መድኃኒት አልፈልግም እያለች ነው፣ እኔም ቁጥሩ እንዳይወጣ ፈራሁ እንዳይወርድም ፈራሁ። አንዱ በሳምንት አንድ ቀን የሚወጋው መርፌ ነው የሚሻለው ይለኛል፣ ሌላው ስኳሩን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን አለ ይላል እሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ አክስቴ ኢንሱሊን ከጀመረች አበቃላት ትላለች። ኩላሊቷ ተመርምሮ ክሪያቲኒን 1.2 ነው፣ ኖርማል ነው ተብለናል። የቱ ነው ሳይጎዳት የሚሰራላት? የምታውቁ በእናታችሁ ንገሩኝ።

ከፋርማሲው መስኮት

እህቴ እንኳን ፈጣሪ አተረፈልሽ። ሌሊት ተነስተሽ ባታያቸው ኖሮ ጠዋት ሌላ ነገር ነበር የምናወራው። ፋርማሲስት ነኝ፣ የቱ ይሻላል የሚለው ከመምጣቱ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር አለ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቂ፣ ነገ ጠዋት ሐኪማቸው ጋ ደውለሽ ወይ ሄደሽ 43 ወርዶ እንደነበር ተናገሪ። ሐኪሙ የማያውቀውን ነገር ሊያስተካክል አይችልም፣ ብዙ ሰው ደግሞ ስኳሩ ተመልሶ ከወጣ በኋላ አለፈ ብሎ ሳይናገር ይቀራል።

ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን ልቀቅ ብሎ የሚገፋ መድኃኒት ነው፣ የሚገፋውም ሰውየው በላ አልበላ፣ ስኳሩ ከፍ አለ ዝቅ አለ ሳይል ነው። ሜትፎርሚን እንደዛ አይደለም፣ እሱ በዋናነት ጉበት የሚያመርተውን ስኳር ስለሚቀንስ ለብቻው ሲወሰድ ስኳር እንዲህ አያወርድም። ስለዚህ ያን ሌሊት እናትሽ ማታ ሳይበሉ የዋጡት ኪኒን ነው ሥራውን የሰራው።

ሁለተኛው ይሄ ኖርማል ነው የተባልሽው 1.2 ነው። ክሪያቲኒን ብቻውን አይነበብም፣ ዕድሜና ጾታ ይገባበታል። በ68 ዓመት ሴት ላይ 1.2 ማለት በስሌት ሲሰራ የኩላሊት የማጣራት አቅሙ 49 አካባቢ ነው፣ ኖርማል የሚባለው ከ90 በላይ ነው፣ ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ የኩላሊት በሽታ ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ወጣት ጡንቻማ ወንድ ላይ ያው 1.2 ምንም ላይሆን ይችላል። ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ጉበት ከሰበረው በኋላ የሚቀረውም ነገር ራሱ ስኳር ያወርዳል፣ ግማሹ የሚወጣው በኩላሊት ነው፣ ኩላሊት ሲደክም ይጠራቀማል። ለዚህ ነው በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ መጀመሪያ የሚወገዘው እሱ የሆነው። ግሊክላዛይድ ከሱ ይሻላል፣ ግሊሜፒራይድም በመጠኑ፣ ግን ሁሉም ስኳር ማውረድ ይችላሉ።

ልጠይቅሽ፣ በዚያ ሳምንት ሌላ መድኃኒት ጀምረው ነበር? አንቲባዮቲክ ለምሳሌ? የግፊት ኪኒናቸውስ ስሙ ማነው? አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ከሆነ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ ምት መፍጠንና መንቀጥቀጥ ይደብቃል፣ ላቡ ግን አይደበቅም፣ አንቺም ያየሽው ላቡን ነው።

የእማዬ ልጅ

ወይኔ! አዎ፣ ከሰኞ ጀምሮ ለሽንት ኢንፌክሽን ኮትራይሞክሳዞል ተሰጥቷት ነበር!! የግፊቱ አምሎዲፒን ነው። አንቲባዮቲክ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?

ከፋርማሲው መስኮት

ያውልሽ። ኮትራይሞክሳዞል እነ ግሊቤንክላማይድ ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጡ ያደርጋል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንም ሌላው የሚታወቅ ነው። የደከመ ኩላሊት፣ ያልተበላ እራት፣ ላዩ ላይ አንቲባዮቲክ፣ ሦስቱ አንድ ሌሊት ላይ ገጠሙ። ሲጽፍም ሲሸጥም አንድ ሰው ሌላ ምን ይወስዳሉ ብሎ ቢጠይቅ ይሄ አይፈጠርም ነበር፣ እኔ በየቀኑ መስኮት ላይ የምናደደው በዚህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሁሉንም ኪኒን ስም በአንድ ወረቀት ጽፈሽ የትም ስትሄዱ ያዥው። ደግሞ ኮትራይሞክሳዞል ራሱ ክሪያቲኒንን ለጊዜው ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ኩላሊታቸው የተለካው እሱን እየወሰዱ ከነበረ ከጨረሱ በኋላ ድጋሚ ይለካ።

የማታ ተረኛ

ነርስ ነኝ፣ አንዲት ነገር ልጨምር። የሰራሽው ትክክል ነው፣ 15 ግራም የሚሆን ፈጣን ስኳር ሰጥቶ 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፣ ካልወጣ መድገም፣ ሲወጣ ደግሞ ምግብ ማስከተል። ነገር ግን ሰውየው መዋጥ ካልቻለ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም እንዳታፈሺ፣ ወደ ሳንባ ይገባል፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ሌላው የግሊቤንክላማይድ መውረድ አንዴ ስኳር ጠጥቶ የሚያበቃ አይደለም፣ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይወርዳል፣ 78 ሲሆን ቤት መተኛት አልነበረባችሁም፣ ሌላ ጊዜ እንዳይለመድ ብዬ ነው እህቴ እንጂ ልወቅስሽ አይደለም። ማታ ተረኛ ሆኜ 10 ሰዓት ላይ ተሽሎት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ራሱን ስቶ ሲመለስ አይቻለሁ።

ስለ ኢንሱሊን አክስትሽ ያሉት ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ኢንሱሊን መጨረሻ ላይ ስለሚጀመር ነው ሰው ገዳይ የሚመስለው፣ ኩላሊትና ዓይን የጎዳው እኮ ኢንሱሊን ሳይጀመር ያለፈው ዓመታት ከፍ ያለ ስኳር ነው። የእናትሽ ጉዳይ ግን አሁን ወደዛ የሚያደርስ አይመስለኝም።

ባለስኳሩ

ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፣ ከስኳር ጋር 14 ዓመት ኖሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ በሰውነቴ ያየሁትን ልንገርሽ። ሜትፎርሚን ሲጀመርልኝ ተቅማጡ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ ሁለት ወር ተሰቃየሁ፣ መድኃኒቱን ልጥለው ስል ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ተሰጠኝ፣ ከራት ጋር ስውጠው በሳምንት ውስጥ ሆዴ ተረጋጋ። ከዛ ግሊሜፒራይድ ተጨመረ፣ በአንድ ዓመት 6 ኪሎ ጨመርኩ፣ ቁጥሬ ጥሩ ነበር ግን ከምሳ በፊት ሁሌ እግሬ ይብረከረክ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ሳልይዝ አልወጣም።

ከአራት ዓመት በፊት እግሬ አብጦ ትንፋሽ አጠረኝ፣ የልብ ድካም ተባለ፣ ግሊሜፒራይዱ ቀርቶ ኤምፓግሊፍሎዚን ጀመርኩ። እሱ ነው ያ በሽንት የሚያስወጣው ኪኒን። ትንፋሼ ተመለሰ፣ ደረጃ ሳልቆም እወጣለሁ፣ የኪሴ ከረሜላም ቀረ። ግን ንጹሕ መድኃኒት ነው ብዬ አላታልልሽም። መጀመሪያ ወር ብልቴ ላይ ፈንገስ ወጣብኝ፣ በሚቀባ መድኃኒት ጠፋ፣ ከዛ ሽንት በሸናሁ ቁጥር በውሃ መታጠብ ለመድኩ አልተመለሰም። ሁለተኛው ግን ሊገድለኝ ነበር። ኃይለኛ ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን ምግብ አልቀመስኩም፣ ያስመልሰኛል፣ ኪኒኔን ግን ላለማቋረጥ ብዬ እውጣለሁ። ስለካ 190 ነው፣ እና ስኳሬ ደህና ነው ብዬ ተኛሁ። አተነፋፈሴ እየጠለቀ ሲሄድ ልጆቼ ወሰዱኝ፣ መጀመሪያ የደረስንበት ቦታም ስኳርህ ደህና ነው የጨጓራ ነው ብለው መለሱኝ። ሁለተኛው ቦታ አንዲት ወጣት ሐኪም ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ብላ ጠየቀች፣ ስሙን ስነግራት ወዲያው ደሜ ውስጥ ኪቶን ለካች፣ ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚያመነጨው አሲድ ማለት ነው፣ ደሜ አሲድ ሆኗል። ሁለት ቀን ተኛሁ። ስለዚህ ለእናትሽ ይሄ ኪኒን ከታዘዘ መብላት ባልቻሉ ቀን ወይም ሲያስመልሳቸው ኪኒኑን ያቁሙ፣ ቁጥሩ ደህና ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ይሄን ቃል በቃል ያዥልኝ።

የውስጥ ደዌ

ከላይ የተጻፈውን አንብቤ ደስ ብሎኛል፣ ጋሼ በተለይ የነገሩን የኪቶን ነገር ብዙ ባለሙያ ራሱ የሚስተው ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ እናትሽን ሳላይ መድኃኒት አላዝም፣ ግን ለሐኪማቸው ይዘሽ የምትሄጂውን ጥያቄ ላስተካክልልሽ።

የቱ ይሻላል ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው የቱ ነው ቁጥሩን በደንብ የሚያወርደው ብሎ ነው። በዚህ ብቻ ከሄድን ልዩነቱ እንደሚወራው ትልቅ አይደለም። ግሬድ የሚባል የአሜሪካ ጥናት አለ፣ በፈረንጆች 2022 የታተመ (ዓመቶቹን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ሜትፎርሚን የሚወስዱ 5047 ሰዎችን አራት ቦታ ከፍሎ ለአንዱ ግላርጂን ኢንሱሊን፣ ለአንዱ ግሊሜፒራይድ፣ ለአንዱ ሊራግሉታይድ የሚባለውን መርፌ፣ ለአንዱ ሲታግሊፕቲን የሚባለውን ኪኒን ጨመረላቸውና በአማካይ 5 ዓመት ተከታተላቸው። ከ100 ሰው 71ዱ ኤ ዋን ሲያቸው ተመልሶ 7 እና ከዚያ በላይ ወጣ፣ በጣም የተሻሉት ግላርጂንና ሊራግሉታይድ 67 እና 68፣ ግሊሜፒራይድ 72፣ ሲታግሊፕቲን 77። ማለትም በሽታው ራሱ እየገፋ ነው የሚሄደው፣ እናትሽ 8.4 የደረሱት በሳቸው ጥፋት አይደለም። የሰው እርዳታ እስኪያስፈልግ ድረስ ስኳር የወረደባቸው ግን ግሊሜፒራይድ ላይ 2.2 በመቶ፣ ሲታግሊፕቲን ላይ 0.7 በመቶ ናቸው። ይሄኛው ነው ለኔ የሚከብደው ልዩነት።

ጉዳዩ ወደ ልብና ኩላሊት ሲመጣ ሌላ ነው። ለዚህ መረጃ ያበቃን ደግሞ አንድ ክፉ ታሪክ ነው፣ ሮዚግሊታዞን የሚባል ኪኒን ስኳር ጥሩ አድርጎ እያወረደ በ2007 ለልብ ድካምና ለልብ ድንገተኛ ሕመም አደጋ ሊሆን ይችላል የሚል ጥያቄ ተነሳበት፣ በ2010 ከአውሮፓ ገበያ ወጣ። ከ2008 ጀምሮ አሜሪካ አዲስ የስኳር መድኃኒት ልብ እንደማይጎዳ አሳዩ ማለት ጀመረች። ልብ አይጎዳም ለማለት በተሰራ ጥናት ነው በ2015 ኤምፓግሊፍሎዚን የልብ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሞት ሲቀንስ የተገኘው፣ 7020 ሰው ላይ፣ በሦስት ዓመት ገደማ በልብና ደም ሥር ምክንያት የሞቱት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 5.9 በመቶ፣ ኤምፓግሊፍሎዚን ከወሰዱት 3.7 በመቶ። በ38 በመቶ ቀነሰ ተብሎ የሚወራው ይሄ ነው፣ ሁለቱንም ቁጥር ማየት ጥሩ ነው። ኩላሊት ላይ ደግሞ የኤምፓግሊፍሎዚን ዘመዶች የሆኑት ካናግሊፍሎዚን በ2019፣ ዳፓግሊፍሎዚን በ2020 የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገዩ ታይቷል። ስለዚህ በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ይጎዳል የሚለው ወሬ የተገለበጠ ነው፣ ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል፣ በጀመሩ ሰሞን ክሪያቲኒን ትንሽ ከፍ ይልና ይረጋጋል፣ ያኔ ሰው ደንግጦ ያቆመዋል። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ኩላሊት ከ45 በታች ሲሆን ስኳር የማውረድ ጉልበቱ ይደክማል፣ 49 ላይም ብዙ አትጠብቂ፣ የሚሰጠው ኩላሊቱንና ልቡን ለመጠበቅ ነው።

በሳምንት የሚወጋው ሴማግሉታይድ ስኳርም ክብደትም በደንብ ይቀንሳል፣ ልብና ኩላሊትም ይጠብቃል፣ ለብቻው ስኳር ወደ ታች አይጥልም። ግን ያስመልሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እናትሽ አሁኑኑ ምግብ አልበላ ያላቸው ሴት ናቸው። ወፍራም ናቸው ወይስ ቀጭን? በዚህ ዕድሜ ቀጭን ሴት ላይ ጡንቻ እንዳይሄድ እፈራለሁ። ዓይናቸው ውስጥ በስኳር የተጎዳ ደም ሥር ካለም አስቀድሞ መታየት አለበት፣ በ2016ቱ ጥናት የዓይን ችግር ያጋጠማቸው 3 በመቶ ነበሩ፣ ባዶ መርፌ ከወሰዱት 1.8 በመቶ፣ ምናልባት ስኳሩ በፍጥነት ስለሚወርድ ነው። ሲታግሊፕቲን የዋህ መድኃኒት ነው፣ ብዙ አያወርድም ብዙ አይጎዳም፣ ልብንም አልጠቀመም አልጎዳም፣ ለደከመ ሽማግሌ እኔ ራሴ አዘዋለሁ። ዘመዱ ሳክሳግሊፕቲን ግን ለልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን ስለጨመረ ልብ ያለበት ሰው ላይ አልሰጠውም።

ሌላው፣ 7.1 ጥሩ ነው ማን አለ? አኮርድ የሚባል ጥናት በ2008 10251 ሰው ላይ ኤ ዋን ሲን ከ6 በታች ለማውረድ ሲታገል በጠንካራው ቡድን ብዙ ሰው ስለሞተ ያ ክፍል ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ስኳሩ ሌሊት 43 ለሚወርድባት የ68 ዓመት እናት 7.6 ወይም 7.8 ለኔ ከ7.1 የተሻለ ቁጥር ነው። ሐኪማቸውን የምትጠይቂው ይሄን ነው፣ ግባችን ስንት ነው፣ ኩላሊታቸው ስንት ነው፣ ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን ተለክቷል ወይ፣ ልባቸውስ። አዎ ደግሞ ሜትፎርሚን 11 ዓመት ከወሰዱ ቫይታሚን ቢ 12ን ሊቀንስ ስለሚችል ይለካ፣ እግሬን ይወጋኛል የሚሉ ከሆነ ሁሉም ስኳር ላይሆን ይችላል።

የእማዬ ልጅ

በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ ጋሼ እርስዎንም እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ፣ የጻፉትን ለእማዬ አነበብኩላት፣ "እሱስ ተረፈ" አለችና ዝም አለች፣ ከዛ ወዲህ መድኃኒት አልፈልግም ማለት ትታለች።

ሄድን። ግሊቤንክላማይዱ ወዲያው ቆመ። አንቲባዮቲኩን ከጨረሰች በኋላ ክሪያቲኒኗ ተደግሞ 1.1 መጣ፣ ሽንቷ ውስጥ ግን ፕሮቲን ተገኘ፣ ማንም ለክቶት አያውቅም ነበር። ቢ 12ቷም ዝቅ ብሏል። ሽንቷ ከጠራ በኋላ ዳፓግሊፍሎዚን 10 ተጀመረላት፣ ሜትፎርሚኑ እንዳለ ነው። ሐኪሙን ግባችን ስንት ነው ስለው ቀና ብሎ አየኝና እስክሪብቶውን አስቀምጦ አስረዳን፣ ከ8 በታች አለ። ክብደቷ 54 ኪሎ ስለሆነ መርፌውን አሁን አያስፈልግም ብሏል። አሁን ሦስት ሳምንት ሆናት፣ የጠዋቱ 150፣ 160 ነው፣ ከበፊቱ ከፍ ያለ ነው ግን አንድም ቀን ከ100 አልወረደም። እኔ ግን አሁንም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፣ በሚቀጥለው ወር የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አላት፣ ኪኒኑ ይቆማል ወይ?

ከፋርማሲው መስኮት

ረጅም ሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩበት ትልቅ ቀዶ ጥገና ከሆነ ዳፓግሊፍሎዚን ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ይቆማል፣ መብላት ሲጀምሩ ይመለሳል። የዓይን ሞራ ብዙ ጊዜ ጠቅላላ ማደንዘዣ ስለማይፈልግ ሐኪሙ አይቆምም ሊልሽ ይችላል፣ ግን ራስሽ አትወስኚ፣ ለዓይን ሐኪሙም ለስኳር ሐኪሙም ስሙን ንገሪያቸው። ያ የኪኒኖቹ ወረቀት ላይ ጻፍሽው አይደል?

የእማዬ ልጅ

ጽፌዋለሁ። ስልኳ ሽፋን ውስጥ አጥፋ አስገብታዋለች፣ ትላንት ጉሮሮዋን አሟት ፋርማሲ ስትሄድ ሳልነግራት ራሷ አውጥታ ሰጠቻቸው።

ባለስኳሩ

እኔም ዛሬውኑ ልጽፍ ነው ልጄ። ጉሮሮው ብሶ መብላት ካቃታቸው ኪኒኑን ማቆሙን እንዳትረሺ።